በእህቷ ፋንታ የቀረበች ጀግና፦ "ሞኪንግጄይ" እና የወጣት አንባቢዎቻችን እንባ

በጉባኤያችሁ ውስጥ እንግሊዝኛ አቀላጥፈው የሚያነቡ ወጣቶች ካሉ "ዘ ሀንገር ጌምስ" የሚለውን ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። የተከታታዩን መደምደሚያ "ሞኪንግጄይ"ን አንብቦ የጨረሰ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለ መጽሐፉ ዝም ማለት አይሆንለትም። ሌሊቱን ሲያነብ እንዳደረ፣ መጨረሻው እንዳስለቀሰው፣ ሆኖም እንደዚህ የወደደው መጽሐፍ እንደሌለ ይነግራችኋል። በዚህን ጊዜ ብዙዎቻችን የሚቀናን ከሁለት መልሶች አንዱ ነው። አንዱ "ይህን ሁሉ ደም ከምታነብ መጽሐፍ ቅዱስህን ብታነብ" የሚል ተግሣጽ ነው፤ ሌላው "ጎሽ፣ ማንበብ ጥሩ ነው" ብሎ ማለፍ ነው። ሁለቱም መልሶች አንድ ጉድለት አላቸው፤ ልጁን ያስለቀሰው ነገር ምን እንደ ሆነ አይጠይቁም።

ይህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። መጽሐፉን እንደ ሥነ ጽሑፍ እንመዝነዋለን፤ ቀጥሎም ለአገልግሎታችን የሚያነሣውን ጥያቄ እንመለከታለን። ፍጻሜውን ሳይገልጡ ስለ ፍጻሜ መጻፍ ስለማይቻል፣ ገና ያላነበባችሁ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ።

መጽሐፉና ታሪኩ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ኮሊንስ የመጀመሪያውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ሁለተኛውን "ካቺንግ ፋየር"ን በ2009፣ "ሞኪንግጄይ"ን ደግሞ በነሐሴ 2010 ለንባብ አበቃች። ከዚያ ወዲህ በ2020 እና በ2025 የወጡት ሁለት መጻሕፍት ከዋናው ታሪክ በፊት ስለ ነበረው ዘመን ይተርካሉ፤ የካትኒስ ታሪክ የሚዘጋው ግን በ"ሞኪንግጄይ" ነው። የደራሲዋ አባት የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን ነበሩ፤ በቬትናም ጦርነትም ዘምተዋል። ኮሊንስ የታሪኩ ሐሳብ እንዴት እንደ መጣላት ስትናገር፣ አንድ ምሽት የቴሌቪዥን ጣቢያ ስትቀያይር በአንዱ ወጣቶች የሚፎካከሩበትን የመዝናኛ ዝግጅት፣ በሌላው የኢራቅን ጦርነት ዘገባ እንዳየችና ሁለቱ እንደ ተደበላለቁባት ገልጣለች።

ታሪኩ የሚፈጸመው ከጥፋት በኋላ በሰሜን አሜሪካ ምድር በተመሠረተች ፓኔም በምትባል አገር ነው። ስሟ የላቲን ቃል ነው፤ ዳቦ ማለት ነው። የተወሰደውም የሮም ሕዝብ በዳቦና በትርኢት ተደልሎ ነፃነቱን ረሳ ከሚለው የጥንት ትችት ነው። ዋና ከተማዋ ካፒቶል አሥራ ሁለት ወረዳዎችን ትገዛለች። ወረዳዎቹ ስለ ቀድሞ ዓመፃቸው ቅጣት እንዲሆንባቸው፣ በየዓመቱ ከእያንዳንዳቸው ከ12 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ይወሰዳሉ። ሃያ አራቱ ልጆች አንድ ብቻ እስኪቀር ይጋደላሉ፤ አገሩም ሁሉ በቴሌቪዥን ይመለከታል። በአሥራ ሁለተኛው ወረዳ ዕጣው ፕሪም በምትባል የ12 ዓመት ልጅ ላይ ይወጣል። የ16 ዓመቷ ታላቅ እህቷ ካትኒስ ኤቨርዲን ግን ወደ ፊት ወጥታ በፕሪም ፋንታ ራሷን ታቀርባለች። ተከታታዩ ሁሉ የሚወለደው ከዚህ አንድ ድርጊት ነው።

በ"ሞኪንግጄይ" የወረዳዎቹ ዓመፅ ወደ ጦርነት አድጓል። ካትኒስ በፕሬዚዳንት ኮይን ለሚመራው የዓማፅያን ሠራዊት ዓርማ ሆናለች፤ ጠላታቸው የካፒቶሉ ፕሬዚዳንት ስኖው ነው። ጦርነቱ በዓማፅያን ድል ይጠናቀቃል። ጥያቄው ግን ድሉ ምን እንዳተረፈና ማንን እንዳዳነ ነው።

ሁለት የችኮላ ንባቦች

የመጀመሪያው የችኮላ ንባብ መጽሐፉን በዓመፁ ብዛት ብቻ ይፈርዳል። ተከታታዩ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2010 እና በ2011 ባወጣቸው፣ ከመደርደሪያ ይነሡ የሚል አቤቱታ በብዛት በቀረበባቸው መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። አቤቱታው ከንቱ ነው አልልም፤ ለአሥር ዓመት ልጅ የማልሰጠው መጽሐፍ ነው። ነገር ግን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ዓመፅ መኖሩና መጽሐፉ ዓመፅን መውደዱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጽሐፈ መሳፍንትን የምንሰብክ ሰዎች ይህን ልዩነት ልንስተው አይገባም። ኮሊንስ እያንዳንዱን ሞት የምትጽፈው አንባቢው እንዲያዝንበት ነው።

ሁለተኛው የችኮላ ንባብ ከእኛ ወገን በወዳጅነት የሚመጣ ነው። ፒታ የተባለው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ በረሃብ ልትሞት ለነበረችው ካትኒስ ዳቦ ሰጥቷት ነበርና፣ "እነሆ የክርስቶስ ምሳሌ" ብሎ ስብከት ማዘጋጀት ቀላል ነው። "ሞኪንግጄይ" ግን ይህን ምሳሌ ያፈርሰዋል። ካፒቶል ፒታን ማርኮ በተርብ መርዝ ትዝታውን ይመርዘዋል፤ ካትኒስን ክፉ አውሬ አድርጎ እንዲያያት ያደርገዋል። ከእስር ወጥቶ ሲያገኛት የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር አንገቷን ማነቅ ነው። ከዚያ በኋላ ፒታ አዳኝ ሳይሆን መዳን የሚያስፈልገው ሰው ነው። በምሳሌ የሚቸኩል ሰባኪ ይህን ገጽ ዘልሎ ማለፍ ይኖርበታል፤ ልጁ ግን ገጹን አንብቦታል።

የማይበቃ ምትክነት

እንግዲህ ልጁን ያስለቀሰው ምንድን ነው? እኔ እንደማየው የፍጻሜው ኃይል ያለው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ነው። ካትኒስ በፕሪም ፋንታ ራሷን የሰጠችው ፕሪም እንድትኖር ነው። አንባቢው ሦስት መጻሕፍት ሙሉ ከካትኒስ ጋር የሚደክመው፣ የሚራበውና የሚቆስለው ለዚህች አንዲት ዓላማ ነው። በመጨረሻው ግን ገና 14 ዓመት ያልሞላት ፕሪም በካትኒስ ዓይን ፊት በእሳት ትሞታለች። እህቷ የወሰደችላት ሞት በሌላ በር ዞሮ መጣባት።

ይህ አሳዛኝ ፍጻሜ ደራሲዋ አንባቢን ለማስደንገጥ የጨመረችው አይደለም፤ የተከታታዩ ፍሬ ነገር ነው። ካትኒስ የምትክነትን ፍቅር በሙላት አሳይታለች። ከዚህ የበለጠ ፍቅር ከሰው ልጅ አንጠብቅም። ሆኖም ያ ፍቅር የፕሪምን ሞት አዘገየው እንጂ አልሻረውም። መዝሙር 49 ሰው ስለ ወንድሙ ቤዛ ሊከፍል እንደማይችል ሲናገር የሚያመለክተው ይህንኑ ወሰን ነው። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም ስለ አንድ ጊዜ መሥዋዕት አጥብቆ የሚከራከረው፣ የሚደጋገም መሥዋዕት ሁሉ ሥራውን ያልጨረሰ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ይህን ወሰን ያሳያል እንጂ ከወሰኑ ማዶ ያለውን አይናገርም። በፓኔም ውስጥ ጸሎት የለም፤ የአምልኮ ስፍራም አናይም። ስለዚህ "ሞኪንግጄይ" ወንጌልን በስውር ይሰብካል ማለት አንችልም። ወንጌል የሚመልሰውን ጥያቄ ግን ብዙ ስብከቶቻችን ከሚያነሡት በበለጠ ጥራት ያነሣል ማለት እንችላለን።

ርኅራኄ ማጥመጃ ሲሆን

ፕሪም እንዴት እንደ ሞተች ማወቅ የመጽሐፉን ሁለተኛ ጥልቀት ይከፍትልናል። የካትኒስ የልጅነት ጓደኛ ጌል አዳኝ ነው፤ ወጥመድ እየዘረጋ ቤተሰቡን ሲመግብ ኖሯል። በጦርነቱ ያንኑ ጥበብ ቢቲ ከተባለ የመሣሪያ ሊቅ ጋር ሆኖ ለቦምብ ያውለዋል። ስልቱ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ፍንዳታ ሰዎችን ያቆስላል፤ ሌሎች ቁስለኞቹን ለማንሣት ሲሮጡ ሁለተኛው ፍንዳታ ይከተላል። የአውሬ ማጥመጃ ምግብ ነው፤ የዚህ ወጥመድ ማጥመጃ ግን ርኅራኄ ነው።

በፍጻሜው የካፒቶል ሕፃናት በስኖው መኖሪያ ፊት እንደ ሰብአዊ ጋሻ ታጉረው ሳሉ ትናንሽ ፓራሹቶች ከሰማይ ይወርዱላቸዋል። ልጆቹ ፓራሹት ስጦታ እንደሚያመጣ በጨዋታዎቹ አይተዋልና እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከፊሎቹ ይፈነዳሉ። የዓማፅያኑ የሕክምና ሰዎች ለመርዳት ይሮጣሉ፤ ፕሪምም ከእነርሱ ጋር ናት። ያን ጊዜ የቀሩት ይፈነዳሉ። አውሮፕላኑ የካፒቶል ምልክት ነበረበት፤ ስኖው ግን ኋላ ለካትኒስ ያስጣለችው ኮይን መሆኗን ይነግራታል። ጌል እንኳ ቦምቡ የእርሱ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለም። ይህ ጥርጣሬ ጓደኝነታቸውን ለመግደል በቂ ነው።

ጳውሎስ በሮሜ 7፥13 ኃጢአት በመልካሙ ነገር በኩል ሞትን እንደሚሠራ ይናገራል። ለሴሚናሪ ተማሪ ይህን ቁጥር ማስረዳት ከባድ ነው። የጌልን ቦምብ ያነበበ ወጣት ግን አስቀድሞ በሥዕል አይቶታል። ጌል ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረዳው በካፒቶል ቦምብ ሲጋይ ያየ፣ የተረፉትንም መርቶ ያወጣ ሰው ነው። ለፍትሕ ያለው ጥማት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ጠላቱን ለማሸነፍ የጠላቱን ዓይን ተዋሰ፤ በዚያ ዓይን ሲያይ ሩኅሩኅ ሰው የተመቸ ዒላማ ሆነ።

ድምፁና ፍላጻው

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ሁለት ትዕይንቶች ወጣት አንባቢዎች አብዝተው የሚከራከሩባቸው ናቸው። ኮይን ከጨዋታዎቹ የተረፉትን ሰብስባ፣ በካፒቶል ልጆች አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ይደረግ ወይስ አይደረግ ብላ ድምፅ ታሰጣቸዋለች። ፒታ አጥብቆ ይቃወማል። ካትኒስ ግን ስለ ፕሪም ብላ ትደግፋለች። ጥቂት ቆይቶ ስኖውን በአደባባይ እንድትገድል ቀስት ሲሰጣት፣ ፍላጻውን አዙራ ኮይንን ትገድላለች። የድጋፍ ድምፅዋ ኮይንን ለማዘናጋት ነበር ወይስ እውነተኛ በቀል? ደራሲዋ በግልጽ አትነግረንም። እኔ ይህን ዝምታ እንደ ጥንካሬ እቆጥረዋለሁ፤ አንባቢው ፈራጅ እንዲሆንና ፍርዱም እንዲከብደው ያስገድደዋልና።

ወጣቱ በፍላጻው ሊደሰት ይችላል፤ አንዱ ጨቋኝ በሌላ እንዳይተካ አድርጋለችና። ይህን ደስታ ቸኩላችሁ አትገሥጹት። በስተጀርባው ያለው የፍትሕ ረሃብ ነቢያትም ያላቸው ረሃብ ነው። ይልቁን መጽሐፉ ራሱ ወደሚያደርሰው ስፍራ አብራችሁት ሂዱ። ካትኒስ ኮይንን ከገደለች በኋላ ሰላም አላገኘችም። ወዲያው ራሷን ለማጥፋት ትሞክራለች፤ ፒታ ይከለክላታል። በሌለችበት ተዳኝታ፣ አእምሮዋ የታወከ ነው ተብሎ ወደ ፈረሰው ወረዳዋ ትላካለች። ሮሜ 12፥19 በቀልን ለእግዚአብሔር እንድንተው የሚያዘው ፍትሕ ስለማያስፈልግ አይደለም፤ የፍትሕን ሙሉ ሸክም ሊሸከም የሚችል ትከሻ የሰው ስላልሆነ ነው። ካትኒስ ዳኛም ፈጻሚም ሆነች፤ ሸክሙ ሰበራት።

እዚህ ላይ አንድ የእረኝነት ማሳሰቢያ ልጨምር። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፎች ሞትን የምትመኝ ወጣት ያሳያሉ። አንድ ልጅ "ካትኒስ የተሰማት እኔም ይሰማኛል" ካላችሁ፣ ንግግሩ ስለ መጽሐፍ መሆኑ አብቅቷል። ረጋ ብላችሁ ስለ ራሱ ጠይቁት፤ ብቻውን አትተዉት፤ ቤተሰቡንና የአእምሮ ጤና ባለሙያን አግኙ። ጸሎታችሁ ከዚህ ጋር ይሁን እንጂ በዚህ ፋንታ አይሁን።

ከድል በኋላ ያለ ሕይወት

ብዙ ተከታታይ ልብ ወለዶች በድሉ ማግሥት ይዘጋሉ። ኮሊንስ ግን ድሉን አልፋ ትሄዳለች፤ ከሁሉ የሚነካኝም ክፍል ይህ ነው። ፒታ የትኛው ትዝታው እውነት፣ የትኛው በመርዝ የተተከለ እንደ ሆነ ስለማያውቅ፣ አንድ ነገር በተጠራጠረ ቁጥር በአጠገቡ ያሉትን ይጠይቃል፤ እነርሱም እውነቱን ይመልሱለታል። ፈውሱ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ቀስ በቀስ፣ ከሚታመኑ ሰዎች አፍ። ቤተ ክርስቲያን ምን ማድረግ እንዳለባት ከዚህ የተሻለ ሥዕል በወጣቶች መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም። በውርደት፣ በጥቃት ወይም በውሸት ትምህርት ትዝታቸው የተመረዘ ሰዎች በመካከላችን ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር በእርግጥ እንደሚወዳቸው ሲጠይቁን፣ በትዕግሥትና ያለ ማጋነን እውነቱን ልንመልስላቸው ተጠርተናል።

ካትኒስና ፒታ የሞቱትን የሚዘክር መጽሐፍ ያዘጋጃሉ። ከዓመታት በኋላም ልጆች ይወልዳሉ። ልጆቻቸው የሚጫወቱበት መስክ የሙታን መቃብር ነው፤ ልጆቹ ግን ይህን አያውቁም። ካትኒስ ቀኑ ሲከብድባት ሰዎች ሲያደርጉ ያየችውን መልካም ነገር ሁሉ በልቧ ትዘረዝራለች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ዝርዝሩ ትንሽ እንደሚሰለቻት ራሷ ትናገራለች። ታሪኩም በዚህ ይዘጋል።

የመጽሐፉ ጉድለት የሚታየው በዚህ ስፍራ ነው። ጉድለቱ ማዘኑ ሳይሆን ይቅርታን የሚሰጥ አለመኖሩ ነው። ካትኒስ የበደለቻቸው አሉ፤ በእርሷ ትእዛዝ የሞቱ ባልደረቦች አሏት። ለማን ትናዘዝ? ማን ይማራት? ዝርዝሯ የሰዎች መልካምነት ዝርዝር ብቻ ስለ ሆነ ሊያጽናናት ይችላል፤ ሊያነጻት ግን አይችልም። ሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 3ም በፍርስራሽ መካከል ተቀምጦ ለልቡ የሚያስታውሰውን ይፈልጋል። የእርሱ ትውስታ ግን የሚያርፈው በየማለዳው በሚታደስ የሌላ አካል ምሕረት ላይ ነው። አንዱ ትዝታ ነው፤ ሌላው ትዝታና ተስፋ ነው። መቃብር የሆነው መስክም ሕዝቅኤል 37ን ይጠብቃል፤ ኮሊንስ ግን ሣር አብቅላበት ትተወዋለች።

ለአገልግሎታችን

ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ በታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ የሆነውን ያስታውስ። ተቃዋሚዎች ከዚሁ ታሪክ የተወሰደውን የሦስት ጣት ሰላምታ በአደባባይ አሳዩ፤ በ2021 ደግሞ የምያንማር ወጣቶች ያንኑ አደረጉ። ወጣቶች ከሚያነቡት ነገር ስለ ፍትሕና ስለ መሥዋዕት ማሰብን ይማራሉ።

ለእኛም ጥያቄው ባዕድ አይደለም። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ባሉ አብያተ ክርስቲያናቶቻችን ልጆቹ መጽሐፉን ሲያነቡ፣ ወላጆች ወይም አያቶች ታሪኩን በሕይወታቸው ያውቁታል። በ1966 ዓ.ም. ለውጥ መጣ ብሎ ተስፋ ያደረገ ትውልድ ብዙ ሳይቆይ በቀይ ሽብር ልጆቹን ቀበረ። ስኖው ሄዶ ኮይን ስትመጣ ምን እንደሚመስል ሊነግሩ የሚችሉ ሽማግሌዎች ከልጆቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ ነገር ግን አይነጋገሩም። የወጣቶች አገልጋይ የሆናችሁ ሁለቱን ወገኖች በዚህ መጽሐፍ ዙሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ብታገናኙ፣ ብዙ ሴሚናር የማያመጣውን ፍሬ ታያላችሁ።

ለወጣቱ አንባቢ ሦስት ጥያቄዎች ይበቁታል። ያለቀስከው የት ቦታ ላይ ነው? ካትኒስ በመጨረሻ ያጣችው፣ ማንም ሊሰጣት ያልቻለው ነገር ምንድን ነው? የጌልን ስሕተት ማን ይቅር ሊል ይችላል? መልሱን እናንተ አትሙሉለት። ጥያቄው በልቡ ሳምንት ቢቆይ አይጎዳውም።

ከሁሉ በላይ ግን መጽሐፉ ስብከታችንን ይመዝናል። ከመድረኮቻችን የሚሰማው ብዙ ድል ቁስል የሌለው ድል ነው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ያበቃል፣ የሚያለቅስም እምነት የጎደለው ይባላል። እንዲህ ያለውን ስብከት እየሰማ ያደገ ወጣት "ሞኪንግጄይ"ን ሲያነብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ ልብ ወለዱ እውነቱን ነገረኝ ቢል ሊያስደንቀን አይገባም። ያለን ወንጌል ግን እንዲህ አይደለም። በዮሐንስ 20 ከሞት የተነሣው ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የታየው እጁንና ጎኑን እያሳየ ነው፤ በራእይ 5 በዙፋኑ መካከል የቆመው በግ የታረደ ይመስላል። ድሉ ቁስሉን አልደበቀም። በሌላው ፋንታ ቆሞ ሞትን ያዘገየ ሳይሆን የሻረ አንድ ምትክ አለ፤ የእርሱንም ድል ከነቁስሉ ልንሰብክ ይገባናል።